የቴስታታ መግቢያ ማስፋት ለዘወትር መንዳት አይበጅም

ወገን፣ ብዙዎቻችሁ የምትሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) የአየር መግቢያ በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፣ ስለዚህ ለከተማ መኪናም ይጠቅማል። በከፍተኛ ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚሽከረከረው ብዛት) ለሚሠራ የውድድር ሞተር ማስፋቱ ሊያዋጣ ይችላል። ለዘወትር መንዳት ግን ስህተት ነው።

በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ነው። መግቢያው ከልክ በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ በደንብ አይሞላም፣ መግቢያው ላይ ነዳጅ በሚረጭባቸው ሞተሮች ደግሞ ነዳጁና አየሩ በቅጡ አይደባለቁም። መኪናው ከቆመበት ሲነሳና ዳገት ላይ ይደክማል። ጭማሪው የሚመጣው ዙሩ ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ የቤንዚን መኪና በከተማ ውስጥ ደግሞ ባብዛኛው የሚውለው ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ነው።

ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የአየር ፍሰት መለኪያ ቁጥር ብቻውን አያሳምናችሁ፣ እሱ የሚነግራችሁ ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ መሣሪያ) ላይ የወጡትን የቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) መስመሮች ደርባችሁ እዩ፣ ጫፉን ሳይሆን ታችኛውን ዙር።

እባካችሁ ሳትቸኩሉ አስቡበት፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም። ግድግዳው ሳስቶ የውሃ መተላለፊያው ከተበሳ ወይ ብየዳ ነው ወይ ሌላ ቴስታታ። ለዘወትር መኪና የቫልቭ መቀመጫውን በጥንቃቄ ማሠራትና መጠኑን ሳይነኩ ሻካራውን ማለስለስ ይበቃል።