ግሌዝ ይለምልም!

ግሌዝን፣ ያን የመኪና ቀለም ላይ የሚቀባ ማሳመሪያ ቅባት፣ የፈጠረ ሰው እጁ ይባረክ። እሱ ባይኖር ስንት የመኪና ፖሊሽ ባለሙያ ወገቡን ይዞ ይቀር ነበር!

ጭረትን ከምር ማጥፋት እኮ ጣጣ ነው። መኪናው በደንብ ይታጠባል። የቀለሙ ውፍረት በመሣሪያ ይለካል። ከዚያ በማሽንና በፖሊሽ ከላይኛው ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን ከሚሸፍነው ግልጽ ሽፋን ላይ፣ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይላጣል። ክሊሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ የተላጠው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ እየፈሩ፣ እያዩ፣ በብርሃን እየፈተሹ መሥራት ግድ ነው። ሰዓታት ይበላል። ማን ጊዜ አለው?

ግሌዝ ግን ደግ ነው፤ ማንንም አይልጥም። ዘይቱና ደቃቅ መሙያው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ብርሃኑ መበታተኑን ይተውና ቀለሙ ገና አሁን የተቀባ ይመስላል። ጭረቱ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው። ተሸፍኖ አረፈ እንጂ። ባለሙያው ይህን “ሙሉ ፖሊሽ” ብሎ ያስከፍላል፤ እኛም ኮፈኑ ላይ ፊታችንን እያየን እንከፍላለን። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ሻጮችም ይመስገኑ። መኪና ሊሸጡ ሲሉ ቀለም የሚያሳርሙት እኮ የዋሆቹ ናቸው። ብልሁ ሻጭ ገዢው ሊመጣ ሲል ግሌዙን ያስቀባና መኪናውን ጥላ ሥር ያቆማል። ገዢ “ኧረ እንዴት ጠብቀኸዋል!” ሲለው በትሕትና አንገቱን ይደፋል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት ይገኛል?

እርግጥ ሻምፑ የሚባል ምቀኛ አለ። ጥቂት ጊዜ ከታጠበ ያ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ጭረት ፀሐይ ላይ ብቅ ይላል። ደንበኛው እየሮጠ ይመለሳል። ባለሙያችን ግን አይደነግጥም። ኮፈኑን ዳበስ ዳበስ ያደርግና በሐዘኔታ “በምንድነው የምታጥበው ግን?” ይለዋል። ሰውየው በገዛ እጁ መኪናውን ያበላሸ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ድጋሚ ይከፍላል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የላቀ የደንበኛ አያያዝ አላየሁም።

ለጋሶቹ ደግሞ በግሌዙ ላይ ሴራሚክ የሚባለውን ጠንካራ መከላከያ ሽፋን ይደርቡበታል። ሴራሚክ ንጹሕ ቀለም ላይ ካልሆነ በደንብ እንደማይዝ፣ ዘይት ላይም ቶሎ እንደሚለቅ ማን አያውቅም? ያው ደንበኛው አያውቅም።

የሚያናድዱኝ ሐቀኞቹ ናቸው። ክሊሩ ሳስቶ ሌላ ፖሊሽ የማይችል አሮጌ መኪና ሲመጣላቸው፣ ወይም መኪናው ለአንድ ቀን ትርዒት ሲፈለግ፣ “ይህ ግሌዝ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ከላዩ ዋክስ እናድርግበት፣ ትንሽ ይቆይልሃል” ብለው እቅጩን ይናገራሉ። ዋጋውንም የግሌዝ ዋጋ ያደርጉታል! ገበያ የሚያበላሹት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ከነሱ የሚብሰው አልኮልና ውኃ የቀላቀለበት ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ነው። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ኮፈኑን አንዴ ጠረግ ሲያደርገው ዘይቱ ይነሳል፤ “የጠፋው” ጭረት በሙሉ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገረኛ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሩ ላይ “ጠርሙስና ጨርቅ ይዞ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው” ብሎ መለጠፍ።