ይድረስ ለ«ክሊራንስ ያስፈልገዋል ወይ?»

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺና ከድሬ ሙቀት በስተቀር ደህና ነኝ። አንቱ ያላልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ድሬዳዋ ነን አቦ፣ አንቱታ ድሬ ሳይደርስ ደንገጎ ዳገት ላይ ወርዶ ነው የሚቀረው።

ካላወቅሽኝ፣ ያ የባቡር ጡረተኞችን ትዝታ እሰበስባለሁ ብሎ የተነሳው የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ባቡሩ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም አብራው ነው የተወለደችው። የሠሩበት ሰዎች ግን እያለቁብን ነው። ቶሎ ላናግራቸው አልኩ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝ፤ ክሊራንስ፣ ማለትም ሰው ላይ ለሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል ወይ ብለሽ።

አድቫይዘሬን ጠየቅኩት። «ሰው ታናግራለህ?» አለኝ። አዎ። «እንግዲያው ያስፈልገው ይሆናል።» ይሆናል! በዚች በአንዲት «ይሆናል» ሦስት ሳምንት ተንከራተትኩ። አንዱ መምህር «ክሊራንስ ደም ለሚቀዱት ለጤናዎቹ ነው፣ አንተ ወሬ ነው የምትቀዳው» ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ያለ ክሊራንስ አንድ ሰው ካናገርክ ምርቃትህን እርሳው አለኝ። ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «አስገባና ይታያል» አለች። እንደማያስፈልገኝ የሚነግረኝ ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው እንዲነግረኝ ደግሞ ልክ እንደሚያስፈልገው ሰው ፕሮፖዛሉን፣ መጠይቁን፣ የስምምነት ቅጹን፣ የድጋፍ ደብዳቤውን አሟልቼ ማስገባት አለብኝ። አያስፈልግህም ለመባል ይሄ ሁሉ ካስፈለገ፣ መች ነው ታዲያ የማታስፈልጊኝ?

ከጥሩ ቤተሰብ መሆንሽን አልክድም። አሜሪካ፣ ቱስኪጊ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም ነው ያለባችሁ» እየተባሉ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳይሰጣቸው፣ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ይታይ ነበር። አርባ ዓመት። የአንቺ ዋና ሰነድ የሚባለው የቤልሞንት ሪፖርት፣ የአሜሪካኖቹ የምርምር ሥነ ምግባር መርሆዎች የሰፈሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ከዚያ ጉድ በኋላ ነው። አጥኚው ራሱን በራሱ ነፃ ነህ ብሎ እንዳያሰናብት መደረጉም ይገባኛል፤ በራሱ ላይ ማን ይጨክናል?

ደግሞ ሲያስረዱሽ ከባድ አይደለሽም። ሥራው ከክፍል ወይም ከቢሮ ጉዳይ አልፎ ለሌላውም የሚሆን እውቀት ለማውጣት በሥርዓት የሚሠራ ነው ወይ? በሕይወት ካለ ሰው፣ ከአንደበቱም ይሁን ከግል መረጃው፣ ስለ እሱ የሚወሰድ ነገር አለ ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆነ ወደ ኮሚቴ። ጓደኛዬ የመጋዘን ጣሪያ ሥር ቴርሞሜትር ሰቅላ ሙቀት ስትመዘግብ ማንም አልነካት፣ ቴርሞሜትር አይፈርም። በኋላ ለዘበኛው የምትሆን አንዲት ጥያቄ ጨመረች፦ «ሌሊት በዚህ ሙቀት እንቅልፍ ይወስድሃል?» ዘበኛ ይወስደኛል ብሎ ሲመልስ አስቢው። ወረቀቱ አለቃው እጅ ቢገባ እንጀራው ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም።

እኔም ማምለጫ አላጣሁም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካ ደንብ ስለ ባለታሪኮቹ ብቻ የሆነን የቃል ታሪክ እንደ ምርምር አይቆጥረውም። ይቺን ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ። አትሜ ለአድቫይዘሬ ወሰድኩለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «አሜሪካ ነህ?» አለኝ።

በቃ፣ ላስገባ አልኩ። የስምምነት ቅጽ ከጤና ተማሪ ተዋስኩና ርዕሱን ቀየርኩ። ይገባ እንደሆነ ላጣራ ብዬ (ጥናቱን አልጀመርኩም፣ እንዳትጽፊብኝ) ከዚራ ሰፈር ለሚኖር አንድ የባቡር ጡረተኛ ጎረቤታችን አሳየሁት። ሽርጡን አስተካክሎ፣ አንድ ጆሮዋ በክር የታሰረ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ «ይሄ እርስዎ እርስዎ የሚለው ማንን ነው?» ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ናሙና ሲወሰድ መጠነኛ ሕመም ሊሰማዎት ይችላል» ይላል። ረስቼው ነው፣ አላጠፋሁትም።

«ባቡር ለማውራት መርፌ ምን አገባው?»

ሳቅን። ቅጹን ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ደሞዛችንን የበላው የሒሳብ ሹም ነበር። ስሙን ብነግርህ ትጽፈዋለህ? ልጆቹ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ናቸው።»

ዝም አልኩ። አየሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ይቺን አልጠየቀኝም። ሁሉም የጠየቀኝ ማህተሙን ነው። መልሱ ቅጹ ላይ አለ፣ «ምስጢራዊነት» ከሚለው ሥር፤ እኔም ሳላነበው ነው የገለበጥኩት።

ስለዚህ ቂም የለኝም፣ ልመና ግን አለኝ። ስትመጪ በጊዜ ነይ፣ ርዕስ ስንመርጥ፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያጸድቅ ኮሚቴ የለም። ስትመጪም አዎ ወይ አይ ይዘሽ ነይ፣ «ይሆናል»ን እዚያው ተያት። ከሰዓትም አትምጪ፤ ከሰዓት ድሬ ላይ እንኳን ኮሚቴ ዝንብም አይሰበሰብ።

የኔው ፋይል አሁንም «ይታያል» ላይ ነው። ጎረቤቴ ዛሬ ሆጃ አፍልቶ ጠርቶኛል። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ ምንም ሳልቀዳ፣ ሳልጽፍ፣ ሆጃዬን ብቻ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሆጃ መጠጣት ክሊራንስ አያስፈልገውም።

ይመስለኛል።