ማስተካከያ፦ ኤስኪውኤልን ያስቀረሁበት ምክንያት ስህተት ነበር

ለደሴና ለኮምቦልቻ ፕሮግራመሮች ባወጣሁት «የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ትወዳላችሁ?» የድምፅ መስጫ፣ «ድግግሞሽ መሥራት ስለማይችል ቋንቋ አይባልም» ብዬ ኤስኪውኤልን (SQL፣ በዳታቤዝ የተቀመጠ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ) አስቀርቼው ነበር። ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ ራሱን መልሶ የሚጠራ መጠይቅ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ጨምሯል፤ በዚህም ድግግሞሽ መሥራት ይቻላል። በኤስኪውኤል የሚሠራው የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ መመሪያም ከነምሳሌው ያሳየዋል፦ ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በአንድ መጠይቅ ይደመራሉ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የመጋዘን ዕቃ ሲመዘግቡ ቀኑን ሙሉ ከኤስኪውኤል ጋር የሚውሉ ልጆች አሉ። የሚመርጡትን አሳጥቻቸዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። የቀድሞው ድምፅ ስለተሰረዘ፣ የመረጣችሁም እባካችሁ እንደገና ምረጡ። ኤችቲኤምኤል (HTML) ግን ከዝርዝሩ እንደወጣ ይቆያል። የድረ-ገጽን ይዘት ምልክት ያደርጋል እንጂ ብቻውን ስሌት አይሠራም።