ይድረስ፦ «እኛ መርከብ ላይ እንዲህ አይደለም» ለሚሉት ተሳፋሪ

ውድ የጠረጴዛ ጎረቤታችን፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ንጽጽር በስተቀር ደህና ነን። ማዕበሉም ነፋሱም አልጎዳንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ለድፍረትዎ ምስጋና ይገባዎታል። ዘመንዎን ሁሉ በአንድ ኩባንያ የመዝናኛ መርከብ ሲንሸራሸሩ ኖረው ሌላውን ልሞክር ማለት ቀላል አይደለም። ችግሩ፣ የተሳፈረው አካልዎ ብቻ መሆኑ ነው። ልብዎ ያኛው መርከብ ላይ ቀርቷል። አዲስ አግብቶ በሰርጉ ማግስት የቀድሞ ሚስቱን ሙያ የሚያወድስ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኛ አሁን አየን።

የመጀመሪያውን እራት እናስታውስ። ቡናው መጣ። ሲኒውን አነሱ፣ ወደ መብራቱ አዘንብለው አዩት፣ ፉት አሉ፣ ከዚያ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጠረጴዛውን ሙሉ ለቅሶ ቤት አደረጉት። ቀጥለው «እዚያ እኮ አስተናጋጁ በሁለተኛው ቀን ስሜን ይዞት ነበር» አሉ። የእኛው መርከብ አስተናጋጅ አጠገብዎ ቆሞ ነበር። ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ አገሩም ከሥሩ አለ። እስከ ጉዞው መጨረሻ «ስማ አንተ» ሲሉት ከረሙ።

የእራቱ ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ የሚሰጡ መርከቦች አሉ። ሲርብህ ና የሚሉም አሉ፤ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው ኩባንያ ይህን አሠራር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የኩናርድ ኩባንያን መርከብ የመረጠ ሰው ደግሞ ለልዩ ምሽቶቹ ሙሉ ልብስና ክራቫት ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ትኬት ሳይቆረጥ በፊት ይታወቃል። እርስዎ ግን ሰዓት የማይወስነውን መርከብ መርጠው «የእኔ ጠረጴዛ የታለ?» እያሉ በር ላይ ቆሙ። ከኋላዎ የተሰለፍነው እኛ ነበርን፤ እኛን ርቦናል።

ወደ ደረጃዎ ልምጣ። በዚያኛው ኩባንያ የቋሚ ደንበኞች ደረጃ «አልማዝ» እንደሆኑ ሰምተናል። ሊፍት ውስጥ ሰምተናል፣ ቡፌ ሰልፍ ላይ ሰምተናል፣ መዋኛው ውስጥ አንገታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነንም ሰምተናል። የእንግዶች አገልግሎት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ «ወደ መጀመሪያ ጉዞዎ እንኳን በደህና መጡ» ስትልዎ ፊትዎ ላይ የታየውን ግን አንረሳውም። አልማዙ በአንዴ ጠጠር ሆነ። ለነገሩ የሌላውን ደረጃ አይተው የራሳቸውን የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ኤምኤስሲ በዚህ ይታወቃል። ጥያቄው ግን ቤት ቁጭ ብሎ የሚላክ ነው እንጂ ሊፍት ውስጥ ለማያውቁት ሰው የሚቀርብ አይደለም።

ይሁን። እኛን ያስደነቀን የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ነው። ሰባት አጭር ጥሩምባ፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ይህን ድምፅ የትኛውም ኩባንያ አልፈጠረውም። የባሕር ላይ ደህንነት ስምምነት፣ ሶላስ የሚባለው፣ የሚያዘው ነው። የመጀመሪያው ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1914፣ ታይታኒክ ከሰጠመች ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። እርስዎ ግን ጆሮዎን አዘንብለው አዳመጡና «የእኛው ለስለስ ይላል» አሉ። ጌታዬ፣ ጥሩምባው እኮ መርከቡ ሲሰጥም እንዲቀሰቅስዎ ነው!

አሁን አንድ ነገር ሹክ ልበልዎ፤ ይቀመጡ። ከድተው መጡ የሚባሉ ብዙ ተሳፋሪዎች ከቤት አልወጡም። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን ሆላንድ አሜሪካ የተባለውን የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ገዛ፤ ከዚያ ኩናርድን ጨመረ፤ በ2003 ደግሞ ፕሪንሰስን ጠቀለለ። ሮያል ካሪቢያንና ሴሌብሪቲም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ ተቀይሞ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው አንዳንዴ ገንዘቡን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማዛወሩ ነው፤ ሱሪው ያው የአንድ ሰው ነው። መርከቦቹ ራሳቸውም ቢሆኑ እንደዚያው ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ናዜር ያለው መርከብ መሥሪያ ለኤምኤስሲም ይሠራል፣ ለተፎካካሪው ለሮያል ካሪቢያንም ይሠራል። «ግድግዳው ሳይቀር ይለያል» ያሉት ትዝ አለኝ። ሊለይ ይችላል። በያጁ ግን አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ንግግርዎ ከንቱ አልነበረም። ስለ ኢንተርኔቱ ዋጋ ያሉት ልክ ነው፤ እዚያ ላይ ከጎንዎ ነኝ። በየቀኑ ሂሳባችን ላይ ስለሚደመረው የአገልግሎት ጉርሻም ገና ከመነሻው በደንብ ቢነገረን ይሻላል። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰው የሌለበት ወንበር ላይ ፎጣ የሚያነጥፉትንም አብረን አምተናል፤ በጉዞው ሁሉ የተስማማነው ያን ጊዜ ነው። ግን እነሱ ያኛውም መርከብ ላይ አሉ። እንዲያውም ያን ጠዋት በእርስዎ ክፍል ቁጥር የተያዘውን ወንበር አይቼው ነበር፤ ዝም ያልኩት ለይሉኝታ ነው።

ታዲያ በመጨረሻው ቀን ምን አየን? የሚቀጥለው ጉዞ የሚያዝበት ጠረጴዛ ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ እርስዎ! ካርድዎን ይዘው፣ ቀብድ ሊከፍሉ፣ በዚሁ በናቁት መርከብ። ልጅቷን «ያንኑ አስተናጋጅ ማግኘት ይቻላል?» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። ስሙን ስትጠይቅዎት ወደ እኛ ዞረው አዩ።

ስለዚህ ልመናችን አጭር ናት። የያዙት ጉዞ የትኛው ወር እንደሆነ ብቻ ይንገሩን። እኛ ገና ቀን አልቆረጥንም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጎንዎ ተቀምጠው የነበሩት