ይድረስ ለጣና የከሰዓት ነፋስ

ለ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ፣ ጣና ሐይቅ፣ ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን በጤና በኩል ምንም እንደማይጎድልህ እናውቃለን፣ እሁድ ለት ሐይቁ ዳር ካለ አሳ ቤት ጃንጥላውን ከነእግሩ ነቅለህ የሰው ጉላሽ ላይ ስታሳርፈው ያየ ሰው ስለ ጤናህ አይጠይቅም።

ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ጠዋት የት ነው ምትሆነው? ጠዋት እኮ ሐይቁ ዝም ይላል፣ ጀልባው ዘጌ እስኪደርስ በስኒ የያዝከው ቡና ጠብ አይልም፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊውም በሰላም ሰርቶ ይገባል። ከዛ ምሳ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ፣ ልክ ፈርሞ ሊወጣ ብቻ ቢሮ ብቅ እንደሚል ሰራተኛ፣ ከች ትላለህ። ያውም በጩኸት።

ሳይንስህን ደሞ አጥንተናል፣ እንዳትሸውደን። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ አንተ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ብለህ መጥተህ የለቀቀውን ቦታ ትሞላለህ። በቃ ስራህ ይሄ ነው፣ ክፍት ቦታ መሙላት። ታዲያ ሞልተህ አርፈህ አትቀመጥም? የሙሽራ ቬሎ ውስጥ ምን ትሰራለህ? በጥር ስንት ሙሽራ ነው ሐይቁን ጀርባ አድርጋ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ፊቷ በራሷ ጸጉር ተሸፍኖ የተመለሰችው፣ ሚዜው ደሞ ክራቫቱ አፉ ውስጥ ገብቶ “ፈገግ በል” ይባላል።

ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንመለስ ያደረግከኝንማ ተወው። አጠገቤ የነበሩ እናት ገና ስንነሳ “ወይ ውሃው ደስ ሲል” ይሉ ነበር፣ መሃል ላይ ስትጀምረን ለኪዳነ ምሕረት ተሳሉ፣ ትንሽ ቆይተው ክብራን ገብርኤልን ጨመሩ፣ በመጨረሻ ወደ ጀልባ ነጂው ዞረው “አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?” አሉት። “እማማ፣ ጀልባ የያዝኩት እኮ ላለመዋኘት ነው” ብሎ አረፈው።

ዘመዶችህን ደሞ እያቸው እስቲ። የንግድ ነፋስ የሚባሉት አሉ አይደል፣ ሃዋይ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ሞሪሸስ ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሱት። ከምድር ወገብ ወዲህና ወዲያ 30 ዲግሪ አካባቢ ካለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ተነስተው ወደ ምድር ወገብ ሲወርዱ የመሬት መዞር መንገዳቸውን ያጣምመዋል፣ ለዛ ነው በሰያፍ የሚመጡት። እንዳንተ ማታ ማታ ስራ አይለቁም። በሸራ መርከብ ዘመን የስንቱን ጭነት ውቅያኖስ ያሻገሩ ናቸው። ሂሎ የምትባለው የሃዋይ ከተማ ነፋሱን ከነእርጥበቱ ፊት ለፊት ስለምትቀበለው በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ ከተራሮቹ ጀርባ ያለው ኮና ደሞ ፀሐዩን ይሞቃል። አንተ ምታከፋፍለው ምንድነው? እምቦጭ! ደምቢያና ፎገራ በኩል ገበሬው ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ ሲነቅል ይውላል፣ አንተና ወንድሞችህ ከሌላ ጥግ እየገፋችሁ ታመጡለታላችሁ።

እሺ ይሁን፣ ቢያንስ ሰርፍ፣ ያው በሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተቱን፣ እንጫወትብህ ብንልስ? እሱም የለም። ማዕበል የሚያድገው ነፋሱ በምን ያህል ጉልበት፣ ለስንት ሰዓት፣ ስንት ርቀት ውሃ ላይ ሮጠ በሚለው ነው። ኦዋሁ የምትባለው የሃዋይ ደሴት ሰሜን ዳርቻ በክረምታቸው የሚመጣው ያ ቤት የሚያክል ማዕበል የንግድ ነፋስ ስራ እንኳ አይደለም፣ ሰሜን ፓስፊክ ላይ የተነሳ አውሎ ነፋስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አሻግሮ የላከው ነው፣ መንገድ ላይ ተራርቆና ተስተካክሎ ነው ሚደርሰው። አንተ ከጎርጎራ ባሕር ዳር ድረስ ብትሮጥ 70 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ግማሽ ቀን ሰርተህ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ። ታዲያ ምትሰራው ምን ይሆናል፣ አጫጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠፈጥፍ፣ ሰው ልብስ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር።

ባሰ ደሞ አቅጣጫህ። ሰርፈሮች ሚወዱት ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ነው፣ ማዕበሉን ደግፎ ቶሎ እንዳይፈርስ ይይዘዋል፣ ከውሃ ወደ የብስ ጠንክሮ ከመጣ ግን ያበላሸዋል፣ ለዛ ነው ብዙዎቹ ነፋስ ሳይነሳ ጎህ ሲቀድ ሰሌዳቸውን ታቅፈው ሚወጡት። አንተ ከሰዓቱን ሙሉ ከውሃ ወደ የብስ፣ ዞረህ ከየብስ ወደ ውሃ ምትነፍሰው እኛ ተኝተን ነው፣ ያውም በደከመ ጉልበት። ኧረ በማን ላይ ነው ተንኮልህ?

ስለዚህ ወይ ጠዋት ገብተህ ከሰዓት እንድትወጣ፣ ወይ በጥር ቅዳሜና እሁድ የዓመት ፈቃድ እንድትወስድ፣ ይሄም ካልሆነ ያ ጃንጥላ የት እንደደረሰ ቢያንስ ለባለቤቱ እንድትነግረው በትህትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጀልባ ነጂዎች (ዋና እንዲለምዱ)
ለሰሜን ምሥራቅ የንግድ ነፋስ፣ ሃዋይ (ጣና ላይ ክፍት የስራ ቦታ ሊኖር ስለሚችል ሲቪ እንዲልክ)