አባትየው የፈራው እርግዝና

ለንደን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ስንሰባሰብ በገጠር በልጅነታቸው ስለሚወልዱ ሴቶች ከተነሣ «አገሩ ሕግ የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሕግማ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለወንዱም ለሴቷም 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ በወላጅ ፈቃድ በ16 ዓመት መዳርን ያስቀረችው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የወንጀል ሕጋችንም ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ 13 ካልሞላት ደግሞ እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል።

ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። በአፋር 23፣ በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነበር።

አራት ኪሎ ከእግረኛው መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ወጣት አለች፤ አገሯ ጎጃም ነው። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የሚገኘው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ወረዳው ከተማ ነው። እዚያ የሚማሩ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ተመልሰው የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። ከእሷ በፊት የሄደች የጎረቤት ልጅ አርግዛ ተመለሰች። የመንደሩ አባቶች ሁሉ ደነገጡ። የእሷም አባት ሽማግሌ ሲላክበት እሺ አለ፤ በጥር ተዳረች፤ 15 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ወለደች። ትዳሩ ፈርሶ፣ ልጁን ለእናቷ ትታ አዲስ አበባ ገባች። «ጋሼ፣ አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው» አለችኝ።

አመንኳት። አባትየው የሸሸው ልጁ ሳታገባ እንዳታረግዝ ነው፤ ያመጣባትም እርግዝና ነው። ልዩነቱ ይኼኛው ድንኳን ተጥሎለት፣ ጠጅ ተጠጥቶለት፣ ተመርቆ መምጣቱ ነው። ማንም ችግር አይለውም። ደግሞ አዲስ ሙሽራ መካን እንዳትባል በዓመቱ ልጅ ማሳየት አለባት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእርግዝና መከላከያ ይዛ ደጃፏ ብትደርስ እንኳ «ማኅፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ ቀድሟት ይደርሳል። በምጥ ብዙ ቀን ቆይተው ሽንት መቆጣጠር ለሚያሳጣው የወሊድ ጉዳት፣ ለፌስቱላ የሚዳረጉት ብዙዎቹ እንዲህ በልጅነታቸው የተዳሩ ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ በልጅነት የሚያረግዙት አብዛኞቹ ሳያገቡ ነው፤ በብዛት የሚታየውም በድሃ ሰፈሮች ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 ዕቅድ አውጥቶ በትምህርት ቤትና በጤና አገልግሎት ለዓመታት ስለሠራበት ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ወርዷል። እዚያ ግን ልጅ ሁሉ ሲወለድ ይመዘገባል። እኛ አገር የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ያኔ የተመዘገበች ሕፃን እስካሁን 18 አልሞላትም። የሙሽራዋን ዕድሜ የሚመሰክሩት ሠርጉን የደገሱት ሰዎች ናቸው። ፖሊስ መጣ ከተባለም ድግሱ ተዝካር ነው፣ ክርስትና ነው ይባላል።

ስለዚህ ሕግ ማጥበቅ ብቻውን የሚያመጣውን ለውጥ አላይም። የልጅቷን አባት የሚያሳምነው ልጁ የምታድርበት ቦታ ነው። ውጭ ያለን ሰዎች ለትውልድ ቀያችን ገንዘብ ስናዋጣ የምንሠራው የመማሪያ ክፍል ነው፤ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ የሴቶች ማደሪያ ይሠራ፦ ውኃና መብራት ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ደመወዝ የሚከፈላት አንዲት እናት የምታስተዳድረው፣ አባት ስንቅ ይዞ ሲመጣ ገብቶ አይቶት የሚመለስ ማደሪያ።