የቤተ ሙከራ ቀሪ በፈተና ውጤት አይካካስም

ሰሞኑን አንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ለአንደኛ ዓመት መግቢያ ኮርስ ባወጣው አዲስ መመሪያ፣ ቤተ ሙከራን ለብቻው የማለፍ ግዴታ ተሰርዟል። ከእንግዲህ ተማሪው ከሙከራዎቹ ሁሉ ቢቀር እንኳ የጽሑፍ ፈተናው ድምር እስከደረሰለት ድረስ ኮርሱን ያልፋል። ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች እጅግ ያስቆጣኝ «የመግቢያ ሙከራዎች ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ቪዲዮውን ማየት ይበቃል» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ ውጤቱ የታወቀ አይደለም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚዳከም፣ ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው መጠን) ዛሬም ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው በመለካት ብቻ ነው።

አንዲት ተማሪ 25 ሚሊ ሊትር አሲድ በፒፔት ለክታ፣ ቤዝ ሲበዛ ሮዝ የሚሆነውን ጠቋሚ ፊኖልፍታሊን ጠብ አድርጋ፣ አሲዱን ለመጨረስ የሚበቃውን ቤዝ ለማወቅ ቤዙን ከቡሬት (መዝጊያ ካለው የመለኪያ ቱቦ) ስታወርድ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ሮዝ ቀለሙ ብልጭ እያለ መጥፋት ሲጀምር የቡሬቱን መዝጊያ አጥብባ ጠብታ በጠብታ መሄድ ነበረባት፤ ዓይኗን ለአፍታ ወደ ደብተሯ መለስ ስታደርግ ግን ፍላስኩ ደማቅ ሮዝ ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራ የፈሰሰው 24.30 ሚሊ ሊትር ነበር፤ በዚህኛው 25.10 ሆነ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነውና በሁለቱ መካከል 16 ጠብታ ያህል ልዩነት አለ። «መምህር፣ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ። ሁለቱንም እንድትጽፍ፣ ከዚያም የሁለት ሙከራዎች ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሊትር እስኪያንስ ድረስ እንድትደግም ነገርኳት። አራተኛው ላይ ተሳካላት። በቪዲዮው ውስጥ 25.10 የለም፤ የተበላሸው ተቆርጦ ወጥቷል። የገዛ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ሲጣሉበት ደስ ያለውን መርጦ እንዳይጽፍ ተማሪን የሚያስተምር የምርጫ ጥያቄ አላየሁም፤ ሊኖርም አይችልም። ይህን ያልተማረ ሰው ኬሚስትሪን አልተማረም።

አሲድ ወደ ውኃ እንጂ ውኃ ወደ አሲድ እንደማይጨመር በፈተና ወረቀት ላይ የማይመልስ ተማሪ የለም። ዳሩ ግን የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ሲቀጥን የሚወጣውን ሙቀት በቢከሩ ግድግዳ ላይ በእጁ ያልዳሰሰ ተማሪ፣ በሁለተኛው ዓመት ከጓደኞቹ ጎን ቆሞ ያንኑ ጠርሙስ እንዲያነሳ መፍቀድ ኃላፊነት የጎደለው ድርጊት ነው፤ አደጋው ለጎረቤቱም ይተርፋልና።

የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ማካካሻ ሙከራ ይሰጠው፤ በዚህ አልከራከርም። ማካካሻ ግን ሙከራውን በሌላ ቀን መሥራት ነው፤ አዲሱ መመሪያ የሚሰጠው ደግሞ ጨርሶ ያለመሥራትን ፈቃድ ነው። የተሰረዘው አንቀጽ የዚህ ሴሚስተር የኮርስ መግለጫ ለተማሪዎች ከመታደሉ በፊት ወደ ቦታው ይመለስ።